ፍየሏ ትቆማለች፣ በጓስ ለምን አትቆምም?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ግቢዬ ውስጥ አንዲት ፍየልና አንዲት በግ አሉኝ። ፍየሏ በኋላ እግሯ ቀጥ ብላ ቆማ የማንጎውን ቅጠል ታረግፈዋለች። በጓ እዚያው አጠገቧ አቀርቅራ መሬት መሬቱን ትግጣለች። አራተኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ‹እማዬ፣ በጓስ ለምን አትቆምም? ላምስ? ሐይቁ ዳር ያሉት ጦጣዎች እንደ ሰው የሚቆሙት ምን ሊያዩ ነው?› እያለ ወጥሮ ይዞኛል። ጎረቤታችን ደግሞ ፍየል እንዲህ ስትቆም ወገቧ ይጎዳል፣ እርጉዝ ከሆነችም ያስወርዳታል ብለው አስፈሩኝ። የሦስት ወር እርጉዝ ናት። አስሬ ላስቀምጣት ወይስ ልተዋት? ፎቶዋን አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልብዎ ይረፍ። ፍየል ቅጠል ለመቀንጠስ በኋላ እግሯ ስለቆመች ወገቧ አይሰበርም፣ ጽንሷም አይወርድም። ፍየል የምታረግዘው ለአምስት ወር ያህል ነው። በሦስተኛው ወር ላይ ያለች ፍየል ተንጠራርታ ስትበላ ሳይ እኔን ደስ ነው የሚለኝ፤ እግሯም ወገቧም የምግብ ፍላጎቷም ደህና ነው ማለት ነውና። መውለጃዋ ሲቃረብ ሆዷ ስለሚከብዳት ራሷ ትቀንሰዋለች። ስለ ውርጃውና ስለ ገመዱ ኋላ እመለስበታለሁ። የልጅዎ ጥያቄ ግን ይበልጥ ስለያዘኝ ለእሱ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

መነሳትና ቆሞ መቆየት ለየቅል ናቸው። በአራት እግሩ የሚሄድ እንስሳ አብዛኛው በኋላ እግሩ መነሳት ይችላል። ላም አትቆምም ይላል ልጅዎ፤ ኮርማ ላሟ ላይ ሲወጣ ታዲያ ምን እያደረገ ነው? ያንን ሁሉ ክብደቱን በሁለት እግሩ አንስቶ የለም እንዴ? (ይህንን ለአራተኛ ክፍል ተማሪ እንዴት እንደሚያስረዱት ለእርስዎ ትቼዋለሁ።) ገበሬ ኮርማ ሲመርጥ ወደ ኋላ ዞሮ ቋንጃውን የሚያየው በከንቱ አይደለም፤ የኋላ እግሩን ያመመው ኮርማ ቀንዱና ሻኛው የቱንም ያህል ቢያምር ጥጃ አያስገኝም። ጊደሮችም ወንድ በሚፈልጉበት ሰሞን እርስ በርሳቸው ሲወጣጡ ይውላሉ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ወርዶ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ደግሞ ልጓሙ ጠበቅ ያለበት ፈረስ ተነስቶ የፊት እግሮቹን በአየር ላይ ሲያወራጭ ማየቱ አይቀርም። ኮርማውም ፈረሱም ግን ወዲያው ይወርዳሉ። የእርስዎ ፍየል እዚያው ላይ ሆና ታኝካለች። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ቆሞ በረጅም ዘንግ የሚገፋ ሰው አይተው ያውቃሉ። ያ ሰው ክብደቱ ከታንኳዋ መሃል ትንሽ ወጣ ካለ ሐይቁ ውስጥ ነው። የቆመ ነገር ሁሉ ሕጉ ይኸው ነው፤ የክብደቱ መሃል፣ የስበት ማዕከል የምንለው፣ ከረገጠበት ቦታ በላይ መዋል አለበት። በአራት እግር የሚሄድ እንስሳ የስበት ማዕከሉ የሚውለው በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል፣ ወደ ደረቱ ቀረብ ብሎ ነው። ራስና አንገቱ ወደ ፊት ስለሚንጠለጠሉ ዝም ብሎ በቆመበት እንኳ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የፊት እግሮቹ ናቸው የሚሸከሙት። ፍየሏ ለመቆም ይህን ሁሉ ክብደት ወደ ኋላ ስባ ሁለት ትንንሽ ሰኮናዎች ላይ ማሳረፍ አለባት። የምትረግጠው ቦታ ስፋት ደግሞ ከአንድ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ብዙም አይበልጥም።

የፊትና የኋላ እግር ሥራቸው የተለያየ መሆኑን ለማየት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም፤ ለፋሲካ በግ ሲበለት አጠገቡ መቆም ይበቃል። ወርች በቢላ ብቻ ነው የሚላቀቀው፣ አጥንት የሚባል አይነካም። ምክንያቱም በግና ፍየል እኛ ከደረታችን ወደ ትከሻችን የሚሄደው አግድም አጥንት የላቸውም። የፊት እግራቸው ከቀረው አካል ጋር የተያያዘው በጡንቻና በጅማት ብቻ ነው፤ ደረታቸው በሁለቱ ወርቾች መካከል እንደታዘለ ልጅ ተንጠልጥሏል። ታፋው ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ይቀየራል። የጭኑ አጥንት ክብ ራስ ዳሌው ላይ ካለ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ መገጣጠሚያውን በጣት ፈልጎ፣ ጅማቱን በጥሶ፣ ጠምዝዞ ማውጣት ይጠይቃል። የፊት እግር የተሠራው ለመሸከምና ሲሮጡ ንቅናቄውን ለማርገብ ነው። የኋላው ለመግፋት ነው፤ ከዳሌ ወደ አከርካሪ በአጥንት የተያያዘ ስለሆነ የገፋውን ያህል ጉልበት ሳይባክን ለወገብ ያደርሳል። ሽንጥ የምንለው ሥጋም ያን ጉልበት ተቀብሎ ፊቱን ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ነው።

አንድ የተለመደ ስህተትም አለ። ብዙ ሰው የፍየል የኋላ ጉልበት ወደ ኋላ የሚታጠፍ ይመስለዋል። ጉልበቷ ከሆዷ አጠገብ፣ ከታፋዋ በታች ተደብቆ ነው ያለው፤ እንደ እኛው ፊቱን ወደ ፊት አዙሯል። ያ ወደ ኋላ ሾሎ የሚታየው፣ ቋንጃ የምንለው ቦታ፣ ተረከዟ ነው። ፍየል ከተወለደች ጀምሮ የምትራመደው በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ነው፤ ሰኮናዋ ጥፍሯ ነው። (ሐይቁ ዳር ያለው ፔሊካንም እንዲሁ ነው። ጉልበቱ ላባው ውስጥ ነው፣ እኛ የምናየው ተረከዙን ነው። ወፍ ሁሉ በኋላ እግሩ ብቻ የሚቆም እንስሳ መሆኑን ግን ማን ልብ ይላል?)

አሁን ልጅዎን በእግሩ ጣቶች ጫፍ ያቁሙት፤ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ እጁን ዘርግቶ ከቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ነገር እንዲያወርድ ይንገሩት። ባቱ ወዲያው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ፍየሏ ማንጎው ሥር የምትቆመው እንደዚያ ነው። እኛ ስንቆም ጉልበታችንን ዘርግተን፣ አጥንት በአጥንት ላይ ደርድረን ነው፤ ምሰሶ ነን፣ ጡንቻችን ያን ያህል አይሠራም። የፍየሏ ጉልበትና ቋንጃ ግን እንደታጠፈ ስለሚቀር ክብደቷን ተሸክሞ የሚቆየው ጡንቻ ነው፣ ጡንቻ ደግሞ ይደክማል። ድብ በአገራችን ባይኖርም በዚህ በኩል ታድሏል፤ ተረከዙን ጭምር አሳርፎ በሙሉ መዳፉ ስለሚረግጥ ተመችቶት ይቆማል። ፊልም ላይ ድብ ሲቆም ሊውጥ የመጣ ያስመስሉታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚቆመው አሻግሮ ለማየትና የነፋሱን ሽታ ለመለየት ነው።

እስኪ ነገ ጠዋት፣ ሳትጠግብ በፊት፣ ፍየሏን ጠጋ ብለው ይመልከቷት። መጀመሪያ ራሷን ቀና አድርጋ ቅርንጫፉን ትለካለች። ከዚያ የኋላ እግሮቿን አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ሆዷ ሥር ታስገባለች፤ ዋናው ብልሃት ይሄ ነው፣ ክብደቷን ወደ እግሯ ከምታመጣ እግሯን ወደ ክብደቷ ትወስዳለች። ቋንጃዋ ዝቅ ይላል፣ አንገቷ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይወረወራል፣ በፊት እግሮቿ መሬቱን ትገፋና ትነሳለች። ከተነሳች በኋላ የኋላ ሰኮናዎቿን ይዩ። አንድም ጊዜ አርፈው አይቀመጡም፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ። «ቆመች» እንላለን እንጂ የምታደርገው ሳያቋርጡ ከመውደቅ ማምለጥ ነው። የሰኮናዋ ሁለት ጣቶች ተለያይተው መሬቱን ቆንጠጥ ያደርጉታል። የፊት እግሮቿ ከጉልበታቸው ታጥፈው ደረቷ ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፣ ቅርንጫፍ ካገኙ ግን ይጫኑታል።

የላኩልኝ ፎቶ ላይ ግን ፍየሏ የፊት እግሮቿን ግንዱ ላይ አሳርፋለች። ያ ለሷ በጣም ይቀላታል፤ ግንዱ ሦስተኛ እግር ሆነላት። ብዙ ፍየሎች የሚቆሙት እንዲህ ተደግፈው ነው። አየር ላይ ያለ ድጋፍ የምትቆመው ቅርንጫፉ ከግንዱ የራቀ ሲሆን ነው፣ ያኔ ጊዜው ያጥራል። ሦስተኛ እግር መፈለግ የፍየል ብቻ ብልሃት አይደለም። በደቡባዊ አፍሪካ በረሃ የምትኖረው ሚርካት ቀጥ ብላ ዘብ ስትቆም ጭራዋን መሬት ላይ ትተክላለች፣ ካንጋሩም ጭራውን እንደ እግር ይደገፍበታል። የፍየል ጭራ ለዚህ እንደማይሆን ያዩታል።

በጓስ? በግም አንዳንዴ ትቆማለች። በጋ ላይ ሣሩ ሲያልቅ አንድ ሁለት የዋሸራ በጎች አጥር ተደግፈው ቅጠል ሲቀነጥሱ አይቻለሁ። የአካሏ አሠራር ከፍየሏ ብዙም አይርቅም። የሚለያቸው የሚፈልጉት ነገር ነው። የበግ የላይኛው ከንፈር መሃል ለመሃል የተሰነጠቀ ስለሆነ ጥርሷን ከመሬት አስጠግታ አጭር ሣር መላጨት ትችላለች። የፍየል የላይኛው ከንፈር ግን እንደ ጣት ነው፤ ይንቀሳቀሳል፣ ይመርጣል፣ ከእሾህ መካከል አንዲት ቅጠል ነጥሎ ያወጣል። በጓ ፊት ሣር እስካለ ድረስ ቀና የምትልበት ጉዳይ የላትም። ፍየሏ ግን ሣር እያለም ቅጠል ታስበልጣለች። ግልገሎቿን ይዩ፤ በተወለዱ በሳምንታቸው እናታቸው ጀርባ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ካልወጡ አይሆንላቸውም። መቆሙን የሚለማመዱት በጨዋታ ነው።

ቅጠል መውደዷ ቅምጥልነት አይምሰልዎ። የበግና የፍየል ደም መጣጩ የጨጓራ ትል እንቁላሉ በበጠጥ ወጥቶ ከተፈለፈለ በኋላ እጮቹ፣ ገና ያላደጉት ትሎች፣ ሣሩ ላይ ይወጣሉ፤ ግን ከመሬት ብዙም አይርቁም፣ አብዛኞቹ ከአንድ ስንዝር በታች ናቸው። ከወገብ በላይ ያለ ቅጠል የሚበላ እንስሳ ትል አይውጥም። ፍየል የኖረችው እንዲህ ስለሆነ ትሉን የመቋቋም አቅሟ ከበግ ያነሰ ነው። ጣና ዳር ይህ ከባድ ችግር ነው። ሐይቁ ሲሸሽ የሚተወው እርጥብ ሣር ለዓይን ያምራል፤ ቀንድ አውጣው ግን እዚያ ነው ያለው፣ የጉበት ትል ደግሞ ያለ ቀንድ አውጣ አይራባም። ፍየሉን ችካል ላይ አስሮ እዚያ ሣር ላይ የሚያውል ሰው ከወራት በኋላ ከመንጋጋዋ ሥር ያበጠች፣ ዓይኗ ውስጡ የነጣ ፍየል ይዞልኝ ይመጣል። «ሣር ሞልቶላት እንዴት ከሳች?» ይለኛል። ስለዚህ ለእርስዎ ጥያቄ «አስሬ ላስቀምጣት?» ለሚለው መልሴ አይሆንም ነው። የማንጎው ነገር ካሳዘነዎ የዋንዛ ወይም የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠው በደረቷ ቁመት ይስቀሉላት። ቀና ብላ የምትበላው ከምድር ከለቀመችው ይሻላታል።

ቆሞ በመብላት ከፍየልም የሚበልጥ በአገራችን አለ። በሶማሌ ክልልና በቦረና ቆላ የሚገኘው፣ ከሶማልኛ በመጣ ስሙ ገረኑግ የሚባለው፣ አንገተ ረጅምና እግረ ቀጭን የሆነ የሚዳቋ ዘመድ ነው። እሱ ምንም ሳይደገፍ አካሉን ከኋላ እግሮቹ ጋር ቀጥ አድርጎ ይቆማል፣ ከሁለት ሜትር በላይ ያለ የግራር ቅጠል ይቀነጥሳል፣ በፊት እግሮቹ ደግሞ ቅርንጫፉን ወደ አፉ ይስባል። የዳሌው መገጣጠሚያ ከሌሎቹ ዘመዶቹ ይልቅ ወደ ኋላ መዘርጋት ስለሚችል ጭኑ ከአከርካሪው ጋር አንድ መስመር ላይ ይውላል፤ ምሰሶ ለመሆን ተቃርቧል። ውሃ ሳይጠጣ ረጅም ጊዜ የሚኖረው ከዚሁ ከቅጠሉ በሚያገኘው እርጥበት ነው። ጣና ዳር አይፈልጉት፣ እርጥብ አገር አይወድም።

አንድ ነገር ሳልነግርዎ ብቀር ይቆጨኛል። ስሊፐር የሚባል ኔዘርላንዳዊ የአካል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1942 ስለ አንዲት ፍየል ጽፎ ነበር። ግልገሏ የተወለደችው ያለ ፊት እግር ነው። ትሞታለች ሲባል በኋላ እግሯ ቆማ እንደ ካንጋሩ እየዘለለች መሄድ ለመደች። አንድ ዓመት ያህል ኖራ በአደጋ ሞተችና ሊቁ ከፍቶ አያት። አከርካሪዋ እንደ ፍየል ሳይሆን ወዲያና ወዲህ ጎበጥ ብሎ አድጓል፣ ደረቷ ሰፍቷል፣ የዳሌዋ አጥንት ቅርጹ ተለውጧል፣ የመቀመጫ ጡንቻዋም ጅማቱን የተከለው ሌላ ፍየል ላይ በማይታይ ቦታ ነው። ዘሯ አልተለወጠም፤ ያንኑ የፍየል አካል ነው በዕድገቱ ጊዜ ሥራው የቀረጸው። የጎረቤትዎን «ወገቧ ይጎዳል» ስሰማ ቶሎ ትዝ የምትለኝ ይቺ ግልገል ናት። ሕይወቷን ሙሉ በሁለት እግር የኖረችው ወገቧ ካልተሰበረ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ለማንጎ የምትቆመው አትሰጋም።

ወዲያ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም እንዳይሆንብኝ ወደ ላሟ ልመለስ። ላም ለመብላት የማትቆመው አንደኛ ምላሷ ሣር ጠቅልሎ ለመንጨት የተሠራ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ክብደት ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ያስረዳው ነገር አለ፤ እንስሳ በቁመት፣ በርዝመትና በወርድ እጥፍ ቢያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ አጥንቱ አግድም ሲቆረጥ የሚታየው ፊት ስፋቱ ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ትልቅ እንስሳ ለእያንዳንዷ የአጥንቱና የጅማቱ ክር የሚደርሳት ሸክም ከትንሹ ይልቅ ይከብዳል። አይጥና ጥንቸል እንደፈለጉ የሚቆሙት፣ ፍየል ተጠንቅቃ የምትቆመው፣ በሬ ደግሞ ጉዳይ ካልገጠመው የማይሞክረው ለዚህ ነው። ግን ሕጉ ግድግዳ አይደለም። ዚምባብዌ ውስጥ ማና ፑልስ በተባለው ጥብቅ ስፍራ አንዳንድ ወንድ ዝሆኖች በኋላ እግራቸው ቆመው ኩምቢያቸውን ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ይሰዳሉ። ሁሉም ዝሆን አይደለም የሚያደርገው፤ የለመዱት ናቸው። የሚበላው ነገር ላይ ካለና የታችኛው ካለቀ፣ ዝሆንም ፍየል ይሆናል።

የጦጣው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጦጣ የምትቆመው በአብዛኛው ለሁለት ጉዳይ ነው፣ ለማየትና እጇ ሲሞላ። ሁለተኛውን ሆቴሎቹ አጠገብ በየቀኑ ያዩታል፤ ማንጎ በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ጉልበቷን ሰብራ፣ እየተንገዳገደች በሁለት እግሯ የምትሮጥ ጦጣ። በአንድ እጇ የያዘች እንደሆነ በሦስት እግር ትሮጣለች፣ ያ ይፈጥንላታል። ሁለቱም ሲሞሉ ነው የምትቆመው፤ ስስታም ናት ማለት ይቻላል።

ለማየት የምትቆመውን በተመለከተ ሴይፋርት፣ ቼኒና ማርለር የተባሉ ተመራማሪዎች ኬንያ፣ አምቦሴሊ ውስጥ የኛዎቹ የቅርብ ዘመድ የሆኑ ጦጣዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳዩት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጦጣዎቹ ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ ሦስት የተለያየ የማስጠንቀቂያ ድምፅ አላቸው። ተመራማሪዎቹ ድምፆቹን ቀድተው፣ ምንም አደጋ በሌለበት፣ በድምፅ ማጉያ አሰሟቸው። የነብሩን ሲሰሙ ዛፍ ላይ ወጡ። የንስሩን ሲሰሙ ወደ ሰማይ አዩ ወይም ቁጥቋጦ ሥር ገቡ። የእባቡን ሲሰሙ በኋላ እግራቸው ቆመው ዙሪያቸውን ያለውን ሣር ቁልቁል መመርመር ጀመሩ። ሣር ውስጥ ያለ እባብ የሚታየው ከላይ ሲያዩት ነዋ።

እኔም አንድ ጠዋት ዘጌ፣ ቡናና ጌሾው መካከል በሚያልፈው መንገድ ስሄድ፣ ሰባት ስምንት ጦጣዎች በኋላ እግራቸው ቆመው አንድ ቁጥቋጦ ላይ አፍጥጠው አገኘሁ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሰብስበው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ለቅሶ ቤት የቆሙ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። እባብ ነው ብዬ እኔም ቆምኩ። ብዙ ቆይቶ ከቅጠሉ ሥር እየተጎተተ የወጣው አርጃኖ ነበር። ጦጣዎቹ አንድ በአንድ ወደ አራት እግራቸው ወረዱ። ከዚያ በኋላም ቆሜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጦጣ ለምን እንደ እኛ አትቆይም ቢልዎት፣ መቀመጫዋን ይይ። ሰው ሲቆም ወደ ፊት እንዳይደፋና ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዙት የመቀመጫ ጡንቻዎቹ ናቸው፤ የጦጣ እንደ እኛ ለዚህ የተሠሩ አይደሉም። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ይኑራት እንጂ ዳሌዋ አጭርና ሰፊ ነው፣ የዘመዶቿም የጭን አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ በዚህም እግሯ ከአካሏ መሃል ሥር ይውላል። ታንኳ ላይ እንደቆመው ሰውዬ።

አሁን ወደ ቤትዎ። ፍየል የሚያስወርዳት መቆሙ አይደለም። የሚያስወርዳት ተላላፊ በሽታ ነው፣ ረሃብ ነው፣ ወይም የሌላ እንስሳ ቀንድ ነው። ምናልባት ብታስወርድ የወረደውን በባዶ እጅዎ አይንኩት፣ ልጁም አይጠጋ፤ ከነዚህ በሽታዎች አንዳንዶቹ ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ጓንት አድርገው ይቅበሩትና ሐኪም ይጥሩ።

የቀንዱን ነገር ያነሳሁት በምክንያት ነው። ፍየልና በግ አብረው ሲያድሩ ጠባቸው አይገጥምም። አውራ በግ ለመዋጋት ወደ ኋላ ያፈገፍግና ሮጦ ይመታል። ፍየል ደግሞ በኋላ እግሩ ተነስቶ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ፍየሉ ተነስቶ ገና አየር ላይ እያለ በጉ ደርሶ ሆዱን ያገኘዋል። ለበዓል ሙክት በግ ገዝተው ካስገቡ ከእርጉዟ ፍየል ጋር በአንድ በረት አያሳድሯቸው።

ቆሞ መብላት አንድ እውነተኛ አደጋ አለው፣ እሱም ባላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ጎህ ሳይቀድ ደወለልኝ። ስደርስ ፍየሏ የፊት እግሯ ከዛፍ ባላ መካከል ተቀርቅሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ በኋላ እግሯ ስትረግጥ አድራ፣ ከሥሯ ያለው መሬት ተቆፍሮ ነበር። እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሯል። በጥጥ ጠቅልዬ ሸንበቆ ሰንጥቄ አሰርኩት። በሁለተኛው ሳምንት ልጠይቃት ስሄድ የታሰረውን እግሯን ሰቅላ፣ በኋላ እግሯ ቆማ፣ ያንኑ ዛፍ እየበላች አገኘኋት። ስለዚህ የማንጎው ግንድ ከደረቷ ቁመት እስከ ሰው ቁመት ባለው ውስጥ የሚይዝ ባላ ካለው በጣውላ ይድፈኑት። ገመድ ካልቀረም ወደ ዛፉ በማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ ቆማ ሳለ ገመዱ ቅርንጫፍ ላይ ከተጠመጠመ ታንቃ ትሞታለች።

ሁልጊዜ የምትቆም ፍየል በድንገት መቆም ካቆመች ግን ይጠራጠሩ። መጀመሪያ ሰኮናዋን አንስተው ይዩ፤ ክረምት ላይ ጭቃው ውስጥ ስትውል በጣቶቿ መካከል ይቆስላል፣ ይሸታል። ወይም ሰኮናዋ ሳይቆረጥ አድጎ ተጠምዟል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ግን ጎረቤትዎም እርስዎም አላነሱትም። ፎቶው ላይ ከማንጎው በስተግራ የሚታየው፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ዛፍ አቮካዶ ነው? ከሆነ ቅጠሉ ፐርሲን የሚባል መርዝ አለው፤ የፍየልን ልብ ይጎዳል፣ የወለደችውን ደግሞ ጡቷን አሳብጦ ወተቷን ያነጥፋል። ፍየልዎ ቆማ እስከ ሁለት ሜትር ድረስ ትደርሳለች ብለው ያስቡ። ከዚያ በታች ያለውን የአቮካዶ ቅርንጫፍ ዛሬውኑ ይቁረጡት፣ የቆረጡትንም ግቢ ውስጥ አይጣሉት፤ የደረቀውም ይመርዛል።